ነጂ የለሽ ሠረገላና ዋሱ

ከናይሮቢ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀናው ጎዳና፣ የዲዳ ገልገሉን ጠፍ ምድር አቋርጦ፣ ቱርቢን ወደ ኋላው ትቶ፣ ወደ ኦዳና ወደ ሞያሌ ሲቃረብ፣ ሌላው ጎዳና ከነጂው የማይጠይቀውን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሕግ አክብሮ የያዘውን የመንገዱን ግራ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ ያንኑ ሕግ ለማክበር ሲል ለቆ ቀኙን እንዲይዝ ነው። ኬንያ ከእንግሊዝ አገዛዝ በወረሰችው ልማድ በግራ ትነዳለች፣ ኢትዮጵያ በቀኝ ትነዳለች፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች የተመረቀው የሞያሌ የጋራ የድንበር ጣቢያም መንገደኛውና ጭነቱ በአንድ ስፍራ እንዲመረመሩ ቢያደርግም፣ ይህን የግራና የቀኝ ልዩነት ሊሽረው አልቻለም። የሰው ልጅ ግን በዚህ ብዙ አይቸገርም፤ ምልክቱን ያያል፣ ከፊቱ የሚሄደውን ተሳቢ ይከተላል፣ ቢዘነጋ እንኳ ከወዲያ የሚመጣው ቦዳ ቦዳ የተባለው ባለሞተር ታክሲ ጮኾ ያነቃዋል፤ ወዲያውም ልማዱን ለውጦ፣ ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ጎን ሲነዳ እንደኖረ ሰው ተረጋግቶ መንገዱን ይቀጥላል።

ነገሩ የሚከብደው መኪናው ራሱ ልቡና እንዳለው ሁሉ መሪ መያዝና ፍሬን መርገጥ ሲጀምር ነው፤ ሞያሌም ሁለት የመኪና ዓለሞች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች፣ ይህን ነገር ለመመርመር፣ ነጂ የለሽ መኪና ከሚሞከርባት ከካሊፎርኒያ ያላነሰ ሥልጣን አላት ብዬ አምናለሁ። ከደቡብ የሚመጣው መኪና በአመዛኙ የጃፓን ነው። የኬንያ ሕግ ስምንት ዓመት ያለፈው መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ወጣትነቱን በጃፓን መንገድ ያሳለፈው ሱባሩ፣ ቶዮታና ኒሳን በሞምባሳ ወደብ ይራገፋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አሁን ዙሪያቸውን በሚያስተውሉ ሕዋሳት (ሴንሰሮች) የተሞሉ ናቸው። ሱባሩ እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በአገሩ ያወጣው «አይሳይት» የተባለው ሥርዓት ከፊት መስተዋቱ በስተጀርባ በተተከሉ ሁለት ካሜራዎች የነገሩን ርቀት ይለካል፤ ቶዮታ ከ2015 ጀምሮ «ሴፍቲ ሴንስ» ብሎ፣ ኒሳንም ከ2016 ጀምሮ «ፕሮፓይለት» ብሎ የየራሳቸውን አውጥተዋል። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ዕለት ዕለት የቻይና ሥራ እየሆነ ሄዷል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቁ ወዲህ፣ ቢዋይዲውና ቻንጋኑ፣ ስሙ የጀርመን ሆኖ በቻይና የተገጣጠመው የቮልስዋገን «አይዲ»ም፣ የአዲስ አበባን ጎዳና ሞልተውታል። እርግጥ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በአንድ ሙሌት ባትሪ የሚገፋ ስላልሆነ፣ እነዚህ መኪናዎች እስከ ድንበሩ ለመዝለቅ ገና ጥቂት ዘመን ያስፈልጋቸዋል፤ መዝለቃቸው ግን አይቀርም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ በፊት ለፊታቸው ሰሌዳ ላይ ማስጠንቀቂያውን የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነው፤ ነጂው ቀይ ቀለም ሲበራ አይቶ አንድ ነገር መኖሩን ይገምታል እንጂ፣ መኪናው ምን እንዳለው ሊያነብ አይችልም።

አንባቢው በነጋዴዎች ምስጋና እንዳይወናበድ፣ በዚህ ዘርፍ ሁሉም የሚዳኙበትን መስፈሪያ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። መቀመጫው በአሜሪካ የሆነው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ድንጋጌ፣ መኪናን ከዜሮ እስከ አምስት በስድስት መዓርግ ከፍሎታል። ከዜሮው ቀጥሎ ባለው በአንደኛው መዓርግ ማሽኑ ወይ መሪውን ወይ ፍጥነቱን ይረዳል፤ በሁለተኛው ሁለቱንም ይይዛል፣ ሰው ግን ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ማሽኑ ራሱ ይጠብቃል፣ ሰው ሲጠራ ብቻ ይረከባል፤ በአራተኛው በተከለለ ስፍራና በተወሰነ ሁኔታ ሰው ጨርሶ አያስፈልግም፤ በአምስተኛው በየትኛውም መንገድና በየትኛውም አየር ማሽኑ ብቻውን ይሄዳል፣ ይህን መዓርግ ግን እስከ ዛሬ የተቀበለ መኪና የለም። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚደረገው ሽግግር በአኀዝ አንድ ርምጃ ቢመስልም፣ በሕግና በምግባር ሲታይ ግን ታላቅ ገደል ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው መዓርግ ጥፋት ሲደርስ የሚጠየቀው መሪ የያዘው ሰው ሲሆን፣ በሦስተኛው ግን መኪናውን የሠራው ኩባንያ «በዚያች ደቂቃ ነጂው እኔ ነበርኩ» ለማለት መድፈር አለበት። የኩባንያዎቹን ፉክክር መመዘን የሚገባን በዚህ ሚዛን ነው እላለሁ፤ መኪናው ስንት ተአምር ይሠራል ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ሲሳሳት ዋሱ ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

መኪናን ያለ ሰው የመንዳት ጥበብ ታሪክ ከሚታሰበው ይረዝማል። መኪና የተሰጠውን ፍጥነት ራሱ ጠብቆ እንዲሄድ የሚያደርገውን መሣሪያ የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር፣ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1958 «ኢምፔሪያል» በተባለው መኪናው ላይ አድርጎ ሸጠው። በ1995 የጀርመኑ ሊቅ ኤርንስት ዲክማንስ ካሜራና ኮምፒውተር የጫነበትን መርሰዲስ ከሙኒክ እስከ ዴንማርክ ወስዶ መለሰ፤ የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል የመራውም መኪናው ራሱ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት በ2004 በሞሃቬ ምድረ በዳ ባዘጋጀው ውድድር ግን ከ240 ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የገፋ አልተገኘም፤ በዓመቱ አምስት መኪናዎች እስከ መጨረሻው ዘለቁ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ስታንሊ»ም ቀደመ። ዛሬ የምናየው ሩጫ ሁሉ የተወለደው ከዚያች አንድ ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሩጫ የወጣው የመጀመሪያው ወገን፣ በ2009 በጉግል ቤት የተጸነሰውና በ2016 «ዌይሞ» ተብሎ ለብቻው የቆመው ነው። ዌይሞ መኪናውን በራዳር፣ በካሜራና በብርሃን ጨረር ርቀትን በሚለካው ላይዳር ሸፍኖ፣ የሚሠራበትን ከተማ መንገድ በመንገድ አስቀድሞ በካርታ ቀርጾ፣ ከዚያ ክልል ውጭ ላለመውጣት ቃል ገብቶ ይሠራል። በፊኒክስ ከተማ በ2020፣ በሳን ፍራንሲስኮም በ2024 ለሕዝብ ሁሉ ተከፈተ፤ በ2025 ጸደይ በየሳምንቱ ከ250,000 በላይ የተከፈለባቸው ጉዞዎችን ያደርግ ነበር፤ በመሪው ፊት የተቀመጠ ሰው ስለሌለ፣ ጥፋቱን ሊያላክክበት የሚችለው ነጂ የለም። ልኩን ያወቀ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ይህን ወገን ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ልክ በማወቁ ለሞያሌ ሰው ምንም አይጠቅመውም፣ የኦዳን መንገድ በካርታ ሊቀርጽ የሚመጣ የለምና።

ሁለተኛው ወገን ቴስላ ነው። አለቃው ኢሎን መስክ ራዳሩን በ2021 ማውጣት ጀምሮ፣ ላይዳርንም ንቆ፣ ሰው በዓይኑ ብቻ የሚነዳ ከሆነ መኪናም በካሜራ ብቻ መንዳት አለበት በሚል እምነት የጸና ሰው ነው፤ እምነቱ ውበት አለው፣ ትንቢቱ ግን አልሰመረለትም። በ2017 መጨረሻ አንድ መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ ሰው ሳይነካው እንደሚሄድ፣ ከዚያም በ2020 አንድ ሚሊዮን ነጂ የለሽ ታክሲዎች እንደሚኖሩ ተናግሮ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ የመጣው ሌላ ቀን ነው። በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ የቴስላ መኪናዎች የነጂውን ንቃት የሚቆጣጠረው ሥርዓታቸው ደካማ ነው ተብሎ እንዲታረሙ ተጠሩ፤ «ሙሉ ራስ ነጂ» የተባለውም ሥርዓት በ2024 «በክትትል» የሚል ቃል ተጨመረበት፤ በሰኔ 2025 በኦስቲን ከተማ የተጀመሩት ታክሲዎችም በጎናቸው የኩባንያው ጠባቂ ተቀምጦባቸው ነው የወጡት። ይህን ሁሉ ብዬ ቴስላ ደካማ ነው አልልም፤ ካርታ ባልተቀረጸለት መንገድ ሁሉ የሚሞክር እርሱ ስለሆነ፣ በአቅሙ ስፋት ከዌይሞ ይልቅ ለእኛ መንገድ የቀረበ ነው። ስለ ዋስነቱ ሲጠየቅ ግን ለብዙ ዘመን ነጂውን ሲያመለክት ኖረ። በነሐሴ 2025 በማያሚ የተሰየመ የዳኞች ጉባኤ በ2019 በፍሎሪዳ ሰው ስለሞተበት አደጋ ሲፈርድ፣ ከጥፋቱ 67 በመቶውን ለነጂው፣ 33 በመቶውን ለቴስላ አካፍሎ፣ ኩባንያው 243 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ወሰነ።

የጀርመኑ መርሰዲስ በዝግታ መጣ፤ በ1999 ከፊት ያለውን መኪና በራዳር እየለካ ርቀት የሚጠብቀውን «ዲስትሮኒክ» ካወጣ ከሃያ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2021 «ድራይቭ ፓይለት» ለተባለው የሦስተኛ መዓርግ ሥርዓቱ የአገሩን መንግሥት ፈቃድ አገኘ። ሥራው በመጀመሪያ ከ60 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት፣ በተመረጠ አውራ ጎዳና፣ ያውም መኪና በተጨናነቀበት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ተመልካች ሊስቅበት ይችላል። ነገር ግን ኩባንያው ሥርዓቱ በሚነዳባት ጊዜ ለሚደርሰው ጥፋት ኃላፊነቱን እንደሚወስድ አስታወቀ፤ ይህች አንዲት ቃል ለእኔ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ትርኢት ትበልጥብኛለች። የጃፓኑ ሆንዳ በመጋቢት 2021 ቀድሞት በሦስተኛው መዓርግ ቢወጣም፣ መኪናዎቹ 100 ብቻ ነበሩ።

የቻይናዎቹ መንገድ ርካሽነትና ብዛት ነው። ቢዋይዲ በየካቲት 2025 «የእግዚአብሔር ዓይን» የሚል (በቤተ ክርስቲያን ላደገ ጆሮ እጅግ የሚከብድ) ስም የሰጠውን ሥርዓት፣ ያን ጊዜ ዋጋዋ 69,800 ዩዋን የነበረውን ትንሿን «ሲገል» ጨምሮ በ21 ዓይነት መኪናዎቹ ላይ እንደሚያደርግ አወጀ፤ ከዚህ በፊት የባለጸጎች ብቻ የነበረውን ነገር ለመምህርና ለነርስ አወረደው፤ ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2025 የሻኦሚ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ረዳት ሥርዓቱ እየመራው ሳለ መንገዱ ለጥገና ተዘግቶ ሲያገኝ ነጂዋን ጠራ፤ መሪውን በተረከበች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከግንቡ ጋራ ተጋጭቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በሚቀጥለውም ወር የቻይና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ኩባንያዎቹን ሰብስቦ የማስታወቂያ ቋንቋቸውን እንዲያርሙ አዘዘ። ቢዋይዲ በሐምሌ 2025፣ በአገሩ ውስጥ መኪናው ራሱን ሲያቆም ለሚያደርሰው ጉዳት ከፋይ እንደሚሆን ቃል ገባ። ያ ዋስትና ግን ከቻይና ወሰን አይሻገርም፤ በአዲስ አበባ ያለው የ«ሲገል» ባለቤት መኪናውን እንጂ ቃሉን አልገዛም።

በዚህ ሩጫ ስለ ወደቁት ብዙ አልጽፍም። የፎርድና የቮልስዋገን ገንዘብ የፈሰሰበት «አርጎ» በ2022 ተዘጋ፤ የጄኔራል ሞተርስ «ክሩዝ»፣ በጥቅምት 2023 ሌላ መኪና የገጨውን እግረኛ 6 ሜትር ያህል ጎትቶ ፈቃዱን ካጣ በኋላ፣ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጥፍቶ በ2024 መጨረሻ ታክሲውን ተወ።

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። ከዛሬ አሥር ዓመት ገደማ በፊት አስፋልቱ ሳይዘረጋ፣ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጭነት መኪናዎች በጠባቂ ታጅበው፣ መንገደኛውን በጭነቱ ላይ አስቀምጠው ቀናት የሚፈጁበት ነበር፤ ዛሬ ያው መንገድ ለስላሳ ስለሆነ ፍጥነት ጨመረ፣ የግመሉ መሻገሪያ ግን አልተለወጠም። ግመል ለካሜራና ለራዳር እንግዳ ፍጥረት ነው፤ አካሉ ከመኪናው መብራት በላይ ይቀራል፣ ሌሊት የሚታየው አራት ቀጭን እግር ብቻ ነው። ቮልቮ በስዊድን ታላላቅ አጋዘኖችን እንዲያውቅ ያስተማረው ሥርዓት በአውስትራሊያ ሲፈተን፣ የመሬቱን ገጽ መለኪያ አድርጎ ርቀት ስለሚሰፍር፣ ካንጋሮው ወደ ላይ ሲዘል የራቀ፣ ሲወርድ የቀረበ እየመሰለው ተደናግሯል። ንባቡን በቃሉ አጥንቶ ትርጓሜ ቤት ያልገባ ተማሪ እንዲሁ ነው፤ ከተማረው ገጽ ውጭ አንድ ቃል ሲጠይቁት ይቆማል። የቦረናን ግመል፣ የገብራን ፍየል፣ ጭነት የተሸከመችውን አህያ ያስተማረው ማን ነው?

ከግመሉ የሚከፋው የቆመ መኪና ነው። በሁለቱም ወገን፣ ጎማው የፈነዳ ወይም አክስሉ የተሰበረ ተሳቢ በጨለማ መንገዱ ላይ ቆሞ ያድራል፣ ምልክቱም በኋላው የተደረደረ ድንጋይና ቅጠል ነው። ብዙዎቹ በራዳር የሚሠሩ ፍጥነት ጠባቂዎች ግን የተሠሩት የሚንቀሳቀሰውን እንዲከተሉ ነው፤ በጎዳናው ዳር ያለውን ምሰሶና ድልድይ ሁሉ እያዩ ፍሬን እንዳይረግጡ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ የቆመውን ነገር ችላ እንዲሉ ተደርገዋል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 ምርመራ የከፈተውም፣ በረዳት ሥርዓት የሚመሩ የቴስላ መኪናዎች በመንገድ ላይ በቆሙ የእሳት አደጋና የፖሊስ መኪናዎች ላይ ደጋግመው ስለወጡ ነበር። እነዚያ ቀይና ሰማያዊ መብራት እያብለጨለጩ የቆሙ ነበሩ፤ የእኛ ተሳቢ የቆመው በቅጠል ነው።

የፊት መስተዋቱንም ነገር መርሳት አይገባም። በጠጠር መንገድ መስተዋት መሰንጠቁ የዘወትር ነገር ነው፤ ከመስተዋቱ ጋራ አብሮ የሚፈታው ካሜራ ግን እንደገና ሲገጠም በመለኪያ ሰሌዳና በኮምፒውተር መስተካከል አለበት፤ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል በ100 ሜትር ርቀት ላይ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ይስታል፣ ይህም በቀኝ ያለውን ብስክሌተኛ በሌላው መስመር ላይ እንዳለ ሊያስመስለው ይበቃል። መስተዋቱን በግማሽ ቀን ለውጦ የሚሰጠውን ጋራዥ እንዲህ ያለ መለኪያ እንዳለው የሚጠይቀው ደንበኛ እንዴት ይገኛል?

እንዲህ ስል ይህ ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሁሉ ትሑት የሆነው፣ ማስታወቂያ የማይሠራለት ድንገተኛ ፍሬን፣ ከኋላ የመጋጨትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የአሜሪካ የመድን ሰጪዎች የመንገድ ደኅንነት ተቋም አረጋግጧል፤ ለእግረኛም የተሠራው ዓይነት እግረኛን የመግጨት አደጋን 27 በመቶ ይቀንሳል። ይኸው ተቋም ግን መብራት በሌለው ጨለማ ውስጥ የእግረኛው ፍሬን ምንም ልዩነት እንዳላመጣ ጨምሮ ጽፏል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ድንገተኛ ፍሬንን ግዴታ አድርጎታል፤ በእኔ ፍርድ ነጂ የለሽ ሠረገላን ከመመኘታችን በፊት ሌሊት ጫት ጭኖ የሚከንፈውን አይሱዙና ሲኖትራኩን በዚህ ፍሬን ብናስታጥቅ፣ ከማናቸውም የካሊፎርኒያ ተአምር የበለጠ ነፍስ ይተርፋል።

የዋሱ ነገር በኢትዮጵያ ሕግ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ፣ እንስሳ ሳይታሰብ ከባለቤቱ እጅ አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ በ2081ኛው አንቀጽ፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ያልተፈቀደለት ሰው መሪ ቢይዝ ባለቤቱን ነጻ የማያወጣ ሕግ፣ ሰው ያልሆነ ነገር መሪ ቢይዝ ነጻ ያወጣዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በ2085ኛው አንቀጽ ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በልማዱ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ሕጉ ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ሠሪውን ያድነዋል። በኮምፒውተር ውስጥ የተሰወረ ጉድለት በየትኛው ልማድ ይመረመራል? ይህን የሚመልስ ፍርድ ወይም ደንብ ያስፈልጋል፤ ብሪታንያ በግንቦት 2024 ባወጣችው ሕግ፣ ፈቃድ የተሰጠው መኪና ራሱን በሚነዳበት ጊዜ ተጠያቂው ሥርዓቱን ያስፈቀደው ድርጅት እንጂ በውስጡ የተቀመጠው ሰው እንዳይሆን ደንግጋለች። በሞያሌ ኬላ የሚያልፈውን መኪና የሚዋሰው፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው መድን የሁለቱንም አገር ሕግ የሚያገናኝ ሰነድ ስለሆነ፣ ይህን ነገር አስቀድመው ማንሣት የሚገባቸው መድን ሰጪዎቹ ናቸው።

እንግዲህ ማን ቀደመ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ ይህ ነው፤ በዋስነት ዌይሞ ይቀድማል፣ መርሰዲስ ይከተላል፣ በስፋት ቴስላ፣ በርካሽነት ቢዋይዲ ይመራሉ፤ ከሞያሌ በኩል ሲታዩ ግን አራቱም ገና አልደረሱም። ስለዚህ መኪና አስመጪ ሆይ፣ ማስጠንቀቂያው ገዢው በሚያነበው ቋንቋ እስካልተጻፈ ድረስ መኪናውን አትሽጥ፤ የትራንስፖርት ባለሥልጣኖችም ለእያንዳንዱ የሚገባ መኪና የትኛው ረዳት ሥርዓት በዚህ አገር እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ በጽሑፍ እንዲሰጥ አስገድዱ። አንተም ባለመኪናው፣ በኦዳ በኩል ሌሊት ስታልፍ ፍጥነት ጠባቂውን አጥፋና መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ፤ በ2081ኛው አንቀጽ የተጻፈው ያንተ ስም ነው።